የእርግቧ ፍሬን

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም በሩ ላይ አትገተር፣ ግባና ቁጭ በል። ወንበሩ ቢንቋቋም አይሰበርም፤ እንደኔው አርጅቶ ነው የሚያጉረመርመው። ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ላውራችሁ። መኪና አንወድም ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ እኔም አልወድም ነበር።

መኪናዋ ግራጫ ናት። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተላልጦ ከሥሩ ሌላ ግራጫ ብቅ ብሏል። ሽማግሌዬ «እርግቧ» ይላታል። ሽማግሌዬ የምላችሁ ባሌን ነው። እኛ ቤት ስትገባ የበኩር ልጃችን ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ ዛሬ እሱ ራሱ ትልቅ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ሰውዬ ሆኗል።

ሽማግሌዬ አርባ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ሲሠራ ኖረ። ሌሎቹ ሞተር እየፈቱ ሲኩራሩ እሱ ከጎማ ሥር አይወጣም ነበር። ከዚያ ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋበት፣ ቀጥሎ መሃሉ፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀሩለት። ሥራ ያቆመ ቀን የመሣሪያ ሣጥኑን አልጋ ሥር ገፋ አደረገና «በቃ» አለ። ሦስት ዓመት አልነካውም።

ቤት ውስጥ ታዲያ ዕቃው ሁሉ ጠላቱ ሆነ። ወንበር እግሩን ይመታዋል፣ በር ግንባሩን። እኔም አልታረም፤ ቤት አሳምራለሁ ብዬ አንዱን ሳዛውር እሱ ሄዶ ይጋጫል። እርግቧ ውስጥ ግን ሁሉም በቦታው ነው። መሪው እዚህ፣ ማርሹ እዚህ፣ የመስኮቱ ማዞሪያ እዚህ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ግቢው ላይ ጋደም ስትል፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ይሄድና የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ሞተሩ አይነሳ፣ ቁልፉ ቤት ተሰቅሏል። እንዲሁ ይሄዳል።

«ዛሬ የት ደረስክ?» እለዋለሁ፣ ገብቼ ከጎኑ ስቀመጥ።

«ሐይቁን እያለፍን ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጊው፣ ውሃው ይሸታል።»

ዝቅ አደርገዋለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይሸተኛል። ግቢያችን ውስጥ ያለው ሁለት ባልዲና አንድ የደረቀ ዛፍ ብቻ ነው፤ ግን ይሸተኛል። አንዳንዴ ጭጋግ እናልፋለን፣ አንዳንዴ ስሙን ረስቶት መልኩን ብቻ የሚያስታውሰው ከተማ ውስጥ እንገባለን። እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ «ደረስን» ይለኛል፣ ወርደን ራት እንበላለን።

የምር መንገድ ስንወጣ ደግሞ የምነዳው እኔ ነኝ። በስተርጅና እሱ ነው ያስተማረኝ፣ ከጎኔ ተቀምጦ በጆሮው። «ማርሽ ቀይሪላት፣ እያቃሰተች ነው» ይለኛል። እቀይራለሁ።

አንድ ሰኞ ከሐኪም ቤት ስንመለስ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ነገር ሸተተን። «ቀስ በይ፣ የቀኙ ፍሬን ይዟል» አለኝ። ፍሬን ረገጥኩ። እግሬን ባነሣም መኪናዋ አልለቀቀችም፤ እንደ ገና ስረግጥ አንገቷን ወደ ቀኝ ጠመዘዘችና የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን አጥር ጥሳ ገባች። ሰው አልተጎዳም። ለደንበኛ የተሰፋ አንድ ሱሪ ግን ጎማ ሥር ተገኘ። ልብስ ሰፊዋ ወጥታ አየችንና «እናንተ ሰዎች፣ ልክ ልትለኩ ከሆነ እኮ በር አለኝ!» አለች። እየሳቀች ነበር።

ወሬው ልጃችን ጋ ደረሰ። ማታውኑ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ።

«እማዬ፣ በቃ። እሑድ በገመድ ስቤ ብረት ለሚያቀልጡት እሰጣታለሁ።»

እኔ አባቱን አየሁት። አባቱ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ካቆመችስ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«እሑድ ስትመጣ ራስህ ንዳት። ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ካቆመች ትተዋታለህ። ካላቆመች ገመድህን እሰር፣ እኔም አፌን አልከፍትም።»

«አባዬ፣ ማን ነው የሚሠራት?»

«እኔ።»

ልጄ ወደኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። «እሺ፣ እሑድ» ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለሱ መኪና ትመስለው ነበር፤ ለሽማግሌዬ ግን የቀረችው አንዲት ክፍል ነበረች። ሳይጋጭ የሚገባባት፣ ሳይመራ የሚወጣባት። እሷ ከሄደች የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ይሆናል፣ እጁን እግሩ ላይ አድርጎ።

ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተተው። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፣ የናፈቁትን ሰው እንደሚያሸቱ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት መሬት ላይ የሚሠራው የኔ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው የሱ እንዲሆን ተስማማን። መኪናዋን በክሪክ አነሣሁ፣ የፊት ጎማዎቹን ፈታሁ። እሱ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋና የፍሬን ዘይቱን የሚያደርሰውን የጎማ ቱቦ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው።

«ይኸው። ውጩ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጡ አብጧል። እግርሽ ዘይቱን በጉልበት ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ ሲመለስ ግን መንገዱ ጠቦበታል። እግርሽን አንስተሽ ፍሬኑ ያልለቀቀሽ ለዚህ ነው። ካሊፐሮቹም ሳይዝጉ አይቀሩም።»

ካሊፐር የሚባለው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እንደ መዳፍ ጨብጦ የሚያቆም ብረት ነው። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ሆዱ ውስጥ ፒስተን የሚሉት ወፍራም ጣት አለ፣ እሱ ነው የሚገፋው። ሳንፈታቸው በፊት ፔዳሉን ቀስ እያልኩ እንድረግጥ አደረገኝና ፒስተኖቹን በዘይቱ ጉልበት አስወጣቸው፤ ተስፈንጥረው እንዳይጎዱን ፊታቸው ቁራጭ እንጨት አስቀምጦ። አንደኛው ቶሎ ወጣ። ሌላው እንዳኮረፈ ልጅ ስንለምነው ዋለ፣ በመጨረሻ እያጉረመረመ ብቅ አለ። ሁለቱንም ካሊፐር ፈትቼ በሳፋ ተሸክሜ ኩሽና ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ አነጠፍኩ። እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ ብርሃኑ ትከሻው ላይ እንዲያርፍ፤ እኔ ፊት ለፊቱ። ቤንዚን ላመጣ ስል «ተይ፣ ቤንዚን ጎማ ያሳብጣል፣ አልኮል አምጪ» አለኝ። አጠብን፣ አደረቅን፣ እንደገና አጠብን። በቀጭን እንጨት የፒስተኑን ቤት ዙሪያ፣ ጎሚኒዋ የምትቀመጥበትን ቦይ ይጠርጋል። ጎሚኒ ማለት ፒስተኑን የምትከብ የጎማ ቀለበት ናት። ቦዩ ውስጥ ያለውን ዝገት በጥፍሩ ያገኘዋል። እኔ በዓይኔ የማላየውን እሱ «እዚህ ጋ የመርፌ ጫፍ የምታክል አለች» ይልና በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እያሸ ያጠፋታል።

ሲሠራ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ድሮስ ምን ታያለህና ትጨፍናለህ?» አልኩት።

«ሐሳብ እንዳይገባብኝ ነው» አለኝ።

ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ። ዝም ያለ ቀን ነበር ልጆቼ፤ ቧንቧው ጠብ ይላል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሽር ሽር ይላል፣ ብርሃኑ ከመደርደሪያው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ በሩ ይሄዳል። ሁለቱ ብረቶች ከሳፋው ወጥተው ጨርቁ ላይ ሲተኙ፣ ኩሽናው ራሱ በቀስታ ከቦታው ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ከሣጥኑ ያገኛቸውን ያልተነኩ ጎሚኒዎች አዲስ የፍሬን ዘይት ውስጥ ነከረና ባንድ ጣቱ እየገፋ ቦያቸው ውስጥ አስተኛቸው። ፒስተኑን አሰናድቶ በሁለት አውራ ጣቱ ሲጫነው ምንም ሳይል ሰጠም አለ። «ገባ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሕፃን ያስተኛ ይመስል።

ቱቦዎቹን ልንገዛ መለዋወጫ ቤት ሄድን። አሮጌዎቹን በፌስታል ይዞ፣ አዲሶቹን እየተቀበለ በስንዝሩ ይለካል፣ ያጥፋቸዋል፣ ጫፋቸውን በጣቱ ይሞክራል። ሻጯ ሰለቻት።

«አባባ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ጥንቆላ ነው?»

«አንቺ ዝም በይና ሌላ አምጪ። ይሄ በአንድ ጣት ያጥራል።»

አምጥታ ከአሮጌው ጋር ስታስተያየው እውነትም በአንድ ጣት ያጥር ነበር። ከዚያ በኋላ «አባባ» ማለቷን ትታ «ጌታዬ» አለችው።

ዓርብ ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጁት ካሊፐሮች ተጋድመዋል። ዘይት እንዳይንጠባጠብበት እጁን እየጠረገ «የግራው የትኛው ነው?» አለኝ።

ከፈታኋቸው ጀምሮ ለይቼ ነው ያስቀመጥኳቸው። «በግራ በኩል ያለው» አልኩት።

ከፊቱ ዳበሰና አንዱን አንሥቶ ክር አሰረበት። «ክር ያለበትን በግራ ግጠሚ።» ተሸክሜ ወጣሁ። እሱ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ሆኖ ቱቦው እንዳይጠመዘዝ ይይዝልኛል፣ እኔ ቡሎን አጠብቃለሁ። ከቱቦው ራስ ከላይም ከታችም ዘይት እንዳያፈስ ሮንዴላ የሚሉትን አዲስ የመዳብ ቀለበት አስደረገኝ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሬ ቱቦው የትም እንደማይወጠር አየሁለት። ሁሉንም ነገረኝ። አንዲት ነገር ብቻ አልነገረኝም።

ቅዳሜ አየሩን ማስወጣት ጀመርን። አዲስ ዘይት ሲገባ አየር አብሮ ይገባል፤ አየር ካለ ፍሬን አይይዝም። ካሊፐሩ ላይ የጡት ጫፍ የምታክል ትንሽ ማስተንፈሻ አለች፤ እሷ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቼ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩ። እሱ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ጎማው ጋ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ።»

«ፈታሁ... ዘጋሁ። ልቀቅ!»

አረፋ ይመጣል፣ ይቆማል። ደስ ይለናል። እሱ ይሞክርና «እንደ ሊጥ ነው» ይላል። እንደገና። ግራውን፣ ቀኙን፣ ግራውን። ሁለት ጣሳ ዘይት ጨረስን። ፔዳሉ አሁንም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሐሙስ ጎሚኒዋን ሲያስተኛ የነበረው ፊቱ እያየሁት ጠፋ።

«ጎሚኒዋን አበላሽቼ ይሆናል» አለ። «እጄም አብቅቷል ማለት ነው።»

«ተው እንጂ አንተ ሰው።»

ትንሽ ቆየሁና እንደ ልማዴ ሳቅ ለማምጣት «የት ደረስክ?» አልኩት።

«ግቢ ውስጥ ነኝ» አለኝ።

ልጆቼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አጠገቡ መግባት ፈራሁ፤ እዚያው ጎማው ጋ፣ ጠርሙሴን እንደያዝኩ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ጭቃ መከላከያው ላይ አስደገፍኩ። ፀሐይዋ ሞቅ ያለች ነበረች። ደክሞኛል። ዓይኔ ተከደነ።

ሐይቁ ሥር ነበርኩ። አልፈራሁም። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከላይ ብርሃን ይወዛወዛል፣ እርግቧም ከጎኔ ቆማለች፣ መስኮቷ ተከፍቶ። አፌን ስከፍት አረፋ ወጣ። አንዱም ወደ ታች አልሄደ። ተራ በተራ፣ ተራ በተራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ። ለረጅም ጊዜ ሳያቸው ቆየሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ማስተንፈሻዋ ፊቴ ላይ ናት። ጫፏ መሬት መሬት ያያል።

«አንተ ሰው» አልኩ። «ይቺ የጡት ጫፍ መሳይ ነገር ወዴት ነው ማየት ያለባት?»

«ወዴት ትሆናለች? ወደ ላይ ነዋ። አየር ወደ ላይ አይደል የሚወጣው።»

«መሬት እያየች ነው።»

የመኪናው በር ተከፈተ። ወንበሩን እየፈለገ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ላከ። ዳበሰ። እንደገና ዳበሰ።

«ይሄ የቀኙ ነው!» አለ። «የቀኙን ግራ ገጥመሽዋል!»

«ክር ያለበትን ነው የገጠምኩት! ክሩን ማን አሰረው?»

«በግራ ያለው ነው ያልሽኝ!»

«በግራ ነዋ የነበረው!»

«በማን ግራ?»

ተያየን ልበላችሁ፤ እኔ አየሁት፣ እሱ ወደ ድምፄ ዞረ። የኩሽናው ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ፊት ለፊቱ። የኔ ግራ የሱ ቀኝ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከሆዱ ነው የሳቀው፣ ግንባሩን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አድርጎ። እኔም መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቅኩ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ «ምን አገኛችሁ?» አለች። «አርባ ዓመት ፍሬን ሠርቼ» አላት፣ «ሚስቴ ፊት ለፊቴ እንደምትቀመጥ ዛሬ ገና አወቅኩ!»

«ምነው ታዲያ ወደ ላይ ትሁን ብለህ ብትነግረኝ?» አልኩት ዓይኔን እየጠረግኩ።

«አፍንጫሽ ከዓይንሽ በታች ነው ብዬ ነግሬሽ አውቃለሁ?»

ፈታሁ፣ አቀያየርኩ፣ ሮንዴላዎቹን እንደገና በአዲስ ተካሁ። አሁን ከመግጠሜ በፊት እያንዳንዱን በእጁ ዳብሶ «እሺ» እያለ ነው የሚያሳልፈኝ። ጥላው ረዝሞ ነበር። ርገጥ፤ ረገጥኩ። ፈታሁ። እንቁላል የምታህል አረፋ ቱቦው ውስጥ ተንከባልላ ወጣች። ቀጥሎ ትናንሾቹ። ቀጥሎ ንጹሕ ዘይት ብቻ፣ ማር መሳይ። በሌላውም ጎን እንዲሁ።

«ርገጥ» አልኩ።

ዝም።

«ረገጥክ?»

«ረግጫለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቆመ። አልወርድም አለኝ።»

ከዚያ ከመኪናዋ አልወረደም። እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገ፣ ይሰምጥ እንደሆነ እየጠበቀ፣ እስኪመሽ ተቀመጠ። አልሰመጠም።

እሑድ ጠዋት ልጃችን ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ መጣ። ብዙ አላወራም። መሪው ላይ ተቀመጠ፣ አባቱ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ቀበቶዬን ሁለቴ አየው። ወጣን። ቁልቁለቱ ከኛ ሠፈር ጫፍ ይጀምርና ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በዚያ ጠዋት ጭር ብሏል። እርግቧ ተንሸራተተች። ቤቶቹ፣ መዝጊያዎቹ፣ የአንድ ሰው ብስክሌት፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ወደኋላ ፈሰሱ።

ረገጠ። ቆመች።

«ወዴት ሳበች?» አለ አባቱ።

«የትም።»

ለቀቃት። ወዲያው ሄደች፣ ሳትያዝ። ሁለተኛ ሲረግጥ እጆቹን ከመሪው ላይ አነሣቸው። ቀጥ ብላ ቆመች። ሦስተኛው ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ፤ ሻርፔ ዓይኔ ላይ መጣ። እርግቧ ግን መሃል መንገድ ላይ እንደተተከለች ቀረች። ወርዶ የመዳፉን ጀርባ ወደ አንዱ ጎማ አስጠጋ፣ ሄዶ ወደ ሌላው። ሁለቱም እኩል ለብ ብለው ነበር። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና አባቱ መስኮት ጋ መጥቶ ቆመ።

«የዚያን ቀን» አለ በመጨረሻ፣ «ስልኩ ሲደወል አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። እናትህና አባትህ አጥር ጥሰው ገቡ አሉኝ፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ሰው ጭኛለሁ፣ ጥዬ መሄድ አልችልም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እየነዳሁ ነበር... አባዬ፣ እኔ እኮ እሷን ጠልቼ አይደለም።»

ሽማግሌዬ እጁን በመስኮቱ አወጣና የልጁን ሸሚዝ አገኘ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ቤቴን ልትወስድብኝ የመጣህ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ስረግምህ ነው የከረምኩት።»

«ረገምከኝ?»

«በመጠኑ።»

ልጄ ሳቀ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። አባቱ ግን አልጨረሰም። «ሦስተኛው ላይ በድንገት ነው የረገጥከው። ተሳፋሪህንም እንዲህ ነው የምታቆመው?»

«አይደለም። ግን...» ልጄ አመነታ። ወደ ታች፣ አውቶቡሱን ወዳቆመበት አየ። «የአውቶቡሱ ፍሬን ሰሞኑን ይጮሃል። ጋራዥ ሁለት ጊዜ አሳየሁት፣ ምንም የለውም አሉኝ። መጥተህ ብትሰማልኝ?»

ሽማግሌዬ ቀበቶውን ሲፈታ ነው መልሱን የሰማሁት። «ሲሞቅ ነው የሚጮኸው ወይስ ሲቀዘቅዝ?» አለ። «ቆይ፣ አትንገረኝ። ልስማው።»

እኔን ከኋላ ወንበር ላይ ረስተውኝ ሄዱ። የእጅ ፍሬኗ ተስቦ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አየኋቸው።

ልጆቼ፣ እኔ ሰሞኑን ነገር እየጠፋኝ ነው። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልግ ታዩኝ የለ። አንድ ቀን ይህን ወሬ ጀምሬ መሃል ላይ ድንገት ዝም ካልኩባችሁ፣ አትሳቁብኝ፤ እናንተ ቀጥሉልኝ። ሽማግሌዬ እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ፣ እየጠየቀና እየተቆጣ ቁልቁል ሲወርድ ነበር በሉኝ። እባካችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ።